የይሁዳ ንጉሥ ምናሴ፤ ጣዖት ማምለኩና ምሕረት ማግኘቱ

ምናሴ የንጉሥ ሕዝቅያስ ልጅ ነው፤ እናቱም ሐፍሴባ ትባል ነበር። አባቱ በሞተ ጊዜ በ12 ዓመቱ ነገሠ፤ በኢየሩሳሌምም 55 ዓመት ገዛ። ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ697 እስከ 642 ዓመት ገደማ ነው። ከዳዊት ዘር ይህን ያህል ዘመን በዙፋን የተቀመጠ ሌላ ንጉሥ የለም።

ሕዝቅያስ የጣዖትን መስገጃ አፍርሶ ሕዝቡን ወደ እግዚአብሔር መልሶ ነበር። ልጁ ግን አባቱ ያፈረሰውን መልሶ ሠራ። ለበኣል መሠዊያ አቆመ፤ ለከዋክብት ሰገደ፤ የጣዖትንም ምስል በቤተ መቅደስ ውስጥ አኖረ። በሄኖም ሸለቆ ልጆቹን በእሳት አሳለፈ፤ ንጹሕ ደምም እጅግ አፈሰሰ። ነቢዩ ኢሳይያስም በእርሱ ትእዛዝ በመጋዝ ተሰንጥቆ እንደ ሞተ የጥንት ትውፊት ይናገራል፤ ይህም ትውፊት ሙሉው በግዕዝ ተጠብቆ በቈየው በዕርገተ ኢሳይያስ ተጽፏል።

በዚያ ወራት ይሁዳ ለአሦር ትገብር ነበር። ንጉሡ አስራዶን በነነዌ ቤተ መንግሥት ሲያሠራ እንጨትና ድንጋይ እንዲያቀርቡ ካዘዛቸው 22 ነገሥታት አንዱ ምናሴ እንደ ነበረ የአሦር ጽሕፈት ይመሰክራል። መጽሐፈ ዜና መዋዕል እንደሚያወራውም የአሦር የጦር አለቆች በሰንሰለት አስረው ወደ ባቢሎን ወሰዱት። ያን ጊዜ በዙፋን ላይ ያልፈለገውን አምላክ በእስር ቤት ፈለገው። እግዚአብሔርም ልመናውን ሰምቶ ወደ መንግሥቱ መለሰው። በስሙ የሚጠራው ጸሎተ ምናሴም በኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ከዚሁ ታሪክ ጋር ይገኛል።

ከተመለሰም በኋላ ጣዖታቱን ከከተማ አውጥቶ ጣለ፤ የእግዚአብሔርን መሠዊያ አደሰ፤ ከግዮን ምንጭ በስተ ምዕራብም ቅጥር ሠራ። ነገር ግን በሕፃንነቱ የአባቱን ክፋት አይቶ ያደገው ልጁ አሞን ንስሓውን አልተከተለም። ምናሴ ያሠራቸውን ምስሎች አመለከ፤ በነገሠም በ2 ዓመት ባሪያዎቹ ገደሉት።

መጽሐፈ ነገሥት የምናሴን ንስሓ ሳያነሣ ያልፋል፤ ኢየሩሳሌምም ስለ መጥፋቷ ምክንያቱ እርሱ ያፈሰሰው ደም እንደ ሆነ ይናገራል። ከተማዪቱም በ587 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ በባቢሎናውያን እጅ ወደቀች። ሁለቱ መጻሕፍት በአንድነት ሲነበቡ ነገሩ ይገለጣል። ንጉሡ ምሕረትን አገኘ፤ በእሳት ያለፉት ልጆች ግን አልተመለሱም፤ የክፉ ሥራው ምሳሌም ከእርሱ በኋላ ቀረ። እንግዲህ የምናሴ ታሪክ ስለ ኃጢአቱ ብዛት ተስፋ ለቈረጠ ሰው መጽናኛ ነው፤ ንስሓውን ለነገ ለሚያሳድር ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ነው።