ከዶክተር አግነስ ማክላረን ጠረጴዛ የወጡ ደብዳቤዎች

ዶክተር አግነስ ማክላረን እ.ኤ.አ. በ1837 በስኮትላንድ፣ በኤድንበርግ ከተማ ተወለዱ። በአገራቸው ሴት ሐኪም ለመሆን መንገዱ ዝግ ስለ ነበር በፈረንሳይ አገር በሞንፔልዬ ተምረው በ1878 ተመረቁ፤ በ1898ም ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ።

በዚያን ጊዜ በሕንድ፣ ዛሬ በፓኪስታን ባለችው በራዋልፒንዲ፣ ሙስሊም እናቶች ወንድ ሐኪም እንዲያያቸው ልማዱ ስለማይፈቅድ ያለ ረዳት በወሊድ ይሞቱ ነበር። ደናግል እኅቶች ሊደርሱላቸው በቻሉ ነበር፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ሕግ ገዳማውያት የሐኪምነትንና የማዋለድን ሥራ እንዳይሠሩ ይከለክላቸው ነበር። እኚህ አረጋዊት ሕጉን አልጣሱም፤ ዝምም አላሉም። ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው ደብዳቤ ላኩ፤ አምስት ጊዜም ሮም ድረስ ሄደው ለመኑ። በ1909 የቅድስት ካተሪና ሆስፒታል በራዋልፒንዲ እንዲከፈት አደረጉ።

ለእኔ ግን ከሆስፒታሉ ይልቅ የሚደንቀኝ አንድ የደብዳቤ ጉዳይ ነው። አና ዴንገል የተባሉ ኦስትሪያዊት ወጣት ሚስዮናዊት ለመሆን ፈልገው ጻፉላቸው፤ ዶክተሯም በአየርላንድ፣ በኮርክ ሕክምና እንዲማሩ መከሩዋቸው። ሁለቱ በዐይን ሳይተያዩ ዶክተር አግነስ በ1913 ዐረፉ። አና ግን ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1920 ራዋልፒንዲ ደረሱ፤ በ1925 በዋሽንግተን የሕክምና ሚስዮን እኅቶችን ማኅበር መሠረቱ። ቅድስት መንበር ክልከላውን ያነሣችው በ1936 ነው፤ ልመናው ከተጀመረ ስንት ዓመት!

የዚሁ ማኅበር እኅቶች በ1969 በጉራጌ ምድር የአጣጥን ሆስፒታል ከፈቱ። ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ቤትም በዚያው ተሠራ።