ልጅ ኢያሱ፤ ሳይጠየቁ የተፈረደባቸው አልጋ ወራሽ

ቀደም ባለው ዘመን በአገራችን የአንድ ሰው ገንዘብ ወይም ከብት የተሰረቀ እንደ ሆነ ሌባውን የሚያወጣው የዳኛ ምርመራ ሳይሆን ሌባ ሻይ ነበር። ሌባ ሻዩ አንድ ትንሽ ልጅ ያቀርብና መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ልጁም አእምሮው ሲዞር ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይዞርና ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ የጠፋውን ሁሉ ይከፍል ነበር። ምስክር አይቆጠርበትም፤ መሐላ አይሰማለትም። ባለጋራ ያለው ሰው ሌባ ሻዩን በጥቂት ብር አግባብቶ ልጁ ወዴት እንደሚወድቅ ለማስወሰን ይችል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ቁራኛ የሚባለውም ልማድ ነበረ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ አብረው ይውላሉ፤ አብረው ያድራሉ።

እነዚህን ሁለት ልማዶች ለማስቀረት ከሞከሩት የኢትዮጵያ ገዢዎች አንዱ ልጅ ኢያሱ ናቸው። የሚያስገርመው ግን እሳቸው ራሳቸው ከአልጋ የወረዱት ከሌባ ሻይ ፍርድ ብዙ በማይለይ አሠራር መሆኑ ነው። ስለ እሳቸው ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናውቀው ክሱን ብቻ ስለ ሆነ፥ ታሪካቸውን ከመጀመሪያው አንሥቶ መመልከት ይገባል።

ልጅ ኢያሱ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ በወሎ ተወለዱ። እናታቸው የዐፄ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ፥ አባታቸው የወሎው ገዢ ራስ ሚካኤል ናቸው። ራስ ሚካኤል አስቀድሞ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ በ1870 ዓ. ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ተጠምቀው ክርስቲያን ሆኑ። ዘመዶቻቸውና አብዛኛው የሚገዙት ሕዝብ ግን በእስልምናው እንደ ጸና ቀርቶአል። እንግዲህ ልጁ ያደጉበት ቤት ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚተዋወቁበት ቤት ነበር ማለት ነው። ይህንን አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል፤ በኋላ የመጣው መዘዝ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛልና።

ዐፄ ምኒልክ በበሽታ ተይዘው ሰውነታቸው በደከመ ጊዜ፥ ወንድ ልጅ ስለሌላቸው፥ በግንቦት 1901 ዓ. ም. የልጅ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ አድርገው በአዋጅ አስታወቁ። አዋጁም ይህን ቃል የሚያፈርስ ሰው ላይ ከባድ እርግማን ያለበት ነበር። መኳንንቱ በፊታቸው ማሉ። ወጣቱ አልጋ ወራሽ ገና ጢም ያላበቀሉ ስለ ነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑላቸው። በመጋቢት 1902 ዓ. ም. እቴጌ ጣይቱ በመኳንንቱ ምክር ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ፤ በ1903 ዓ. ም. ደግሞ ራስ ተሰማ ሞቱ። ከዚያ ወዲያ በልጅ ኢያሱ ላይ የሚያዝዝ ሞግዚት አልተተካም። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ እንዲገለጥ አልተደረገም፤ ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ በአያታቸው ጥላ ሥር መግዛታቸውን ቀጠሉ።

የአገዛዛቸው ጠባይ ለመኳንንቱ ግራ የሚያጋባ ነበር። ከቤተ መንግሥት መቀመጥን አይወዱም። አንድ ሰሞን ወሎ፥ አንድ ሰሞን ደቡብ ምዕራብ፥ አንድ ሰሞን በአፋር በረሃ አደን ላይ ይታያሉ። የመንግሥት ጉዳይ ያለው ባለሥልጣን አዲስ አበባ ተቀምጦ ለወራት ይጠብቃቸዋል። ሲመለሱም በሌሊት በከተማው መዞር፥ ጨዋታና ዘፈን ይወዱ ነበር። ይሁን እንጂ እንደሚወራባቸው ሁሉ ሥራ ፈት ብቻ አልነበሩም። ተረንቡሌ የሚባለውን የአዲስ አበባ ጠባቂ ፖሊስ አቋቋሙ፤ የመንግሥት ንብረት በየሹሙ እጅ የት እንደ ገባ እንዲመረመር አዘዙ። ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ ስንት ወዳጅ እንዳሳጣቸው ለማወቅ፥ ዛሬም ቢሆን የግምጃ ቤት ሒሳብ ይመርመር ያለን ሰው ዕጣ ማሰብ ይበቃል።

ነገር ግን ስለ እውነት ከተነጋገርን የሚያስጠይቃቸው ከባድ ሥራ ሠርተዋል። በ1904 ዓ. ም. ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርደው በግሚራ አገር ላይ ባደረጉት ዘመቻ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ፥ ወንድ ሴት ሳይባል፥ በባርነት ተነድቶአል። በመንገድ የሞተውም ብዙ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ መኳንንቱ የክስ ጽሑፋቸውን ሲያዘጋጁ ይህ ነገር ከክሱ ዋና አንቀጾች አልነበረም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከከሳሾቹ መካከል በቤቱ ባሪያ የሌለው አይገኝም ነበር። ልጅ ኢያሱ በእውነት ባጠፉት አልተከሰሱም ማለቴ ስለዚህ ነው።

ታዲያ የተከሰሱት በምንድር ነው? መልሱ ያለው በምሥራቁ ጠረፍ ነው። ልጅ ኢያሱ ሐረርጌንና የሶማሌን ምድር እጅግ ወደዱ። ወደ ድሬዳዋ፥ ወደ ሐረርና ወደ ጅጅጋ ደጋግመው ይወርዱ፥ ከሶማሌና ከአፋር ባላባቶች ጋር ይውሉ፥ እንደ አገሩ ልማድ ይለብሱ ነበር። መስጊድ እንዲሠራ ረዱ። የእስላም ባላባቶችን ሴት ልጆች አገቡ። አብዱላሂ ሳዲቅን በኦጋዴን ላይ ሾሙ። በዚያው ወራት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ነበርና፥ በሐረር ተቀምጦ ከነበረው የቱርክ ቆንስል ከማዝሐር ጋር ተወዳጁ፤ እንግሊዞችን በሶማሌ በረሃ ለብዙ ዓመታት ሲዋጋ ከኖረው ከሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰንም ጋር ተላላኩ።

ይህ ሁሉ አንድ ትልቅ ቁማር ነበር። አገሪቱን ዙሪያዋን የከበቧት እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ናቸው፤ ከባሕር የለዩዋትም እነሱ ናቸው። ቱርክና ጀርመን ያሸነፉ እንደ ሆነ የጠረፉ ካርታ ይለወጣል ብሎ ማሰብ ለአንድ ወጣት ገዢ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በአገር ውስጥም ቢሆን፥ እስላሙ ሕዝብ ራሱን እንደ እንግዳ እንዳይቆጥር በጋብቻና በሹመት ማቅረብ ብልሃት ነበረው። የትግራዩን የራስ መንገሻን ልጅና የጎጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ ያገቡት በዚሁ አሳብ አይደለምን? ለክርስቲያን መኳንንት ልጅ የሆነው ፖለቲካ ለእስላም ባላባት ልጅ ሲሆን ክሕደት የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም። ሆኖም ቁማርተኛው ካርታውን መደበቅ አላወቀበትም፤ የያዘውን ሁሉ በገበያ መካከል ያሳይ ነበር።

በቁማሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ደግሞ ብዙ ተቀናቃኝ ነበረ። የሸዋ መኳንንት በወሎ ኃይል መነሣት ደነገጡ፤ ራስ ሚካኤል በግንቦት 1906 ዓ. ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ድንጋጤው ባሰ። ሐረርን ከአባታቸው ከራስ መኰንን ቤት የወረሱት ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን፥ በነሐሴ 1908 ዓ. ም. ከሐረር ተነሥተው ከፋ ተሰጣቸው። ሐረር የባቡሩና የባሕሩ ንግድ መተላለፊያ፥ የጦር መሣሪያም መግቢያ በር ስለ ነበረ፥ ሐረርን ሰጥቶ ከፋን መቀበል ለማንም ቢሆን ቀላል ልውውጥ አይደለም። የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች ደግሞ በአንድነት ሆነው የልጅ ኢያሱን አካሄድ የሚቃወም ጽሑፍ ለመንግሥት አቀረቡ። በዚያው ሰሞን ልጅ ኢያሱ ጥምጥም ጠምጥመው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ጀመር። ይህ ፎቶግራፍ በጥበብ የተቀነባበረ ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም። ፎቶግራፍ ብርቅ በነበረበት ዘመን፥ በወረቀት ላይ የታየ መልክ ሁሉ እንደ ዓይን ምስክር ይቆጠር ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. የመስቀል ዕለት፥ ልጅ ኢያሱ በሐረርጌ ሳሉ፥ መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። የክሱ ጽሑፍ ተነበበ፤ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል፥ ከእስላም ጋር በልተዋል፥ መስጊድ አሠርተዋል የሚል ነበር። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መሐላውን ለመፍታት ወዲያው እሺ አላሉም፤ ለዐፄ ምኒልክ የገቡት ቃል ይከብዳቸው ነበር። በመጨረሻ ግን በእጨጌ ወልደ ጊዮርጊስና በመኳንንቱ ግፊት ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። በስብሰባው ላይ ተኩስ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቶአል። በዚያው ቀን የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ተፈሪ መኰንንም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የሥራው ሁሉ አንቀሳቃሽ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው።

ተከሳሹ አልተጠሩም። ቀን አልተቀጠረላቸውም። የሰው ፊት አይቶ መልስ የሚሰጥ ጠበቃም አልቆመላቸውም። በአገራችን ልማድ ከብት የሰረቀ ሰው እንኳ ዋስ ጠርቶ ችሎት ይቆማል፤ አልጋ ወራሹ ግን የተፈረደባቸው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው በተቀመጡበት ነው። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት ማን መረመረ? ከዚያ ወዲህ የተነሡ የታሪክ ምሁራን ሃይማኖታቸውን በይፋ መለወጣቸውን የሚያስረዳ ጽኑ ማስረጃ አላገኙም።

የሆነው ሆነ፤ ነገሩ ወደ ጠመንጃ ዞረ። ልጅ ኢያሱ ወደ አዲስ አበባ የላኩት ጦር በሚኤሶ ተመታ፤ እሳቸውም ወደ አፋር በረሃ ገቡ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ለማስመለስ ከወሎ ከፍተኛ ጦር አስከትለው መጡ። በመንገድ ላይ በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድን ድል ነሥተው ገደሏቸው። በዚያው ፍጥነት ቢገሠግሡ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በማዘናጊያ መልእክት እንዳቆዩአቸውና በዚያ መካከል የሸዋ ጦር ተሰብስቦ እንዳለቀ ይነገራል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ. ም. በሰገሌ ሜዳ ላይ የተደረገው ውጊያ እጅግ ብዙ ደም የፈሰሰበት ነው። የወንድማማቾች ጦርነት ስለ ሆነ ማን ከማን ይበልጥ እንደ ሞተ መቁጠሩ ደስ አያሰኝም። ንጉሥ ሚካኤል ተማርከው በሰንሰለት ታስረው በድል ሰልፍ ላይ በአዲስ አበባ ሕዝብ ፊት አለፉ፤ ሁለት ዓመትም ሳይሞላ በእስር እንዳሉ ሞቱ። ልጃቸው ከበረሃ ወጥተው የደረሱት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው አራት ዓመት ከምናምን የስደት ዘመን ነው። ልጅ ኢያሱ በመጀመሪያ ወደ ደሴ፥ ቀጥሎም ወደ መቅደላ ወጡ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት አምባ ላይ ለወራት ተከበው ቆዩና በ1909 ዓ. ም. ክረምት ከበባውን ሰብረው አመለጡ። እንደገና የአፋር በረሃ ተቀበላቸው። አልጋ ወራሽ ሳሉ ለጨዋታ የዞሩበትን ቆላ አሁን ለነፍሳቸው ሲሉ ዞሩበት፤ በአዋጅ የተፈለጉትን ሰው አሳልፎ የሚሰጥ አፋር ግን በእነዚያ ዓመታት አልተገኘም። መኳንንቱ ነቀፌታ ያደረጉት ወዳጅነት እንዲህ ነበር። በመጨረሻ ወደ ትግራይ ተሻገሩ፤ በጥር 1913 ዓ. ም. በደጃዝማች ጉግሣ አርአያ እጅ ተያዙ።

ከዚያ ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጥተው በሰላሌ በፍቼ ታሰሩ። እስራቱ የልዑል እስራት ነበረ ይባላል፤ ምግቡም መጠጡም አልጎደለባቸውም። ዐሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ቆይተው በግንቦት 1924 ዓ. ም. አምልጠው ወደ ጎጃም አቀኑ። ከማምለጡ በስተጀርባ የቀድሞ አማታቸው የጎጃሙ ገዢ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እጅ ተገኘበት። ነፃነቱ ግን ከቀናት አላለፈም፤ የራስ ኃይሉ የሥጋ ዘመድ የሆኑት ገሠሠ በለው ያዟቸው። ራስ ኃይሉ ግዛታቸውንና ስፍር ቁጥር የሌለው ሀብታቸውን ተነጥቀው ወደ እስር ቤት ወረዱ። ልጅ ኢያሱም ፍቼ ቅርብ ነው ተብሎ ወደ ሐረርጌ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። በወጣትነታቸው በፈረስ የፈነጩበት አገር ሐረርጌ ነበር፤ አሁን ያዩት በእስር ቤት መስኮት ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። በኅዳር ወር ልጅ ኢያሱ በጋራ ሙለታ ሞቱ ተባለ። በሽታ ነው ያሉ አሉ፤ ጠላት እንዳይጠቀምባቸው ተገደሉ ያሉም አሉ። ሐኪም መርምሮ የሰጠው ወረቀት አልወጣም፤ ዳኛም ስለ አሟሟታቸው የጠየቀው ሰው የለም። ኅዳር 26 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሰው ሁሉ የራሱን ቁስል ያስታምም ነበርና፥ በወሎ እንኳ ለአቤቶ ኢያሱ ድንኳን ተክሎ ያለቀሰ አልተሰማም።