አባ ጎርጎርዮስ፦ ከመካነ ሥላሴ እስከ ጎታ

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው ምድር፣ በመካነ ሥላሴ ነው። የካቶሊክ እምነትን ተቀብለው ስለነበር፣ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ ከአገር ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። በመጀመሪያ የተግባቡት በግእዝ ነበር፤ ግእዝ ግን ለሁለቱም የመጽሐፍ እንጂ የዕለት ንግግር ቋንቋ አልነበረም። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዛቸውና በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ስለ አገራቸው ታሪክና ልማድ የቀረበላቸውን ጥያቄ መለሱ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው በአብዛኛው የቆሙት በዚህ ዕውቀት ላይ ነው። ስለዚህ አባ ጎርጎርዮስን መረጃ አቀባይ ብቻ ማለት ያሳንሳቸዋል፤ አስተማሪ ነበሩ። መጻሕፍቱን ግን አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእስክንድሮና አቅራቢያ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ሰጠሙ።