ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የበርሊኑ ሸክላ

አምና አንድ መሰንቆ መቺ ጎረቤታችን የእድራችን አባል ልሁን ብሎ ሲያመለክት አንዳንዶቻችን ፊታችንን አጥቁረን ነበር። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ ተቀበልነው፤ ነገሩ ግን ስላሳፈረን በዘንድሮው መጽሔት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ታሪክ ማንሳት ፈለግን።

ነጋድራስ ተሰማ በ1860ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ምንጃር የተወለዱ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያደጉ ባለ ቅኔ ናቸው። አውቶሞቢል አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። መኪናው መጣ፤ የሚነዳውና የሚጠግነው የአገር ልጅ ግን ከየት ይምጣ? ስለዚህ ምኒልክ ተሰማን ሙያውን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። እሳቸውም በዚያው በርሊን ላይ ዘፈናቸውን በመሰንቆ ታጅበው በሸክላ አስቀረጹ። ከኢትዮጵያውያን ድምፁን በሸክላ አስቀርጾ ለገበያ ያበቃ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ዛሬ ልጆቻችን በስልክ እንደሚቀርጹት እንዳይመስላችሁ። በዚያን ጊዜ ለቅጂ ማይክሮፎን አልነበረም። ዘፋኙ እንደ መለከት አፉ የሰፋ ቀንድ ፊት ቆሞ በኃይል ያዜማል፤ የድምፁ ግፊት ብቻ መርፌዋን እያንቀጠቀጠ ሰም ላይ ይጭራል። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘውም ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሠርግ ቤት ግጥም ከታዳሚ እየተቀበለ እኩለ ሌሊት የሚያልፍ ጨዋታ በሦስት ደቂቃ ተጀምሮ ሲያልቅ! ደግሞም መሰንቆ ያላት አንዲት የጭራ ክር ናት። ድምጿ ቀጭን ስለሆነ ቀንዱን ካልተጠጋች ሰሙ አይሰማትም።

ከተመለሱ በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን የፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን ሚኒስትር ሆኑ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የእሳቸውም ሹመት አብሮ ቀረ።

ታሪኩ ወደ እኛ አገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጃቸው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በመስከረም 1914 ዓ.ም. የተወለዱት፣ እኛ ከየቡ ለገበያ በምንመላለስበት በጅማ ነው፤ ያኔ ገዢው አባ ጅፋር ነበሩ። አቶ ይድነቃቸውን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድናችን አሠልጣኝ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸውም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ስለ ኳስ በተወራ ቁጥር የአባትየው ስም ይጠራል፤ ተሰማ ማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የአባታቸውን ግጥሞች ሰምና ወርቅ በሚል ርእስ የሰበሰቡት ራሳቸው አቶ ይድነቃቸው ናቸው።

ነጋድራስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. አረፉ። የበርሊኑ ሸክላዎች በ2003 ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር በሚታተመው ኢትዮፒክስ፣ በ27ኛው ቁጥር፣ በሲዲ ወጡ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ነጋድራስ ሳይሆን አዝማሪ ተሰማ እሸቴ ነው። አንድ ሁለት ሽማግሌዎቻችን ሚኒስትር የነበረን ሰው አዝማሪ ማለት ድፍረት ነው ብለው ተቆጡ። እኛ አልተቆጣንም፤ የሰማነው አዝማሪውን እንጂ ሚኒስትሩን አይደለምና።

ሲዲውን በወር ስብሰባችን ላይ ከፈትነው። ድምፁ ይንኮሻኮሻል፤ ቃሉ እዚህም እዚያም ይጠፋል። ያ መሰንቆ መቺ ጎረቤታችን ወንበሩን ወደ ቴፑ አስጠግቶ አቀርቅሮ አዳመጠ፤ ሲያልቅም ከመጀመሪያው እንዲደገምለት ጠየቀ።