የማዳም ኩሪ ደብተሮች

ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በእርሳስ ብረት በተለበጡ ሣጥኖች የተቀመጡ የቤተ ሙከራ ደብተሮች አሉ። ሊመለከታቸው የሚሻ ተመራማሪ ለሚደርስበት ጉዳት ራሱ ኃላፊ መሆኑን አስቀድሞ ይፈርማል። የደብተሮቹ ባለቤት ማሪ ኩሪ ናቸው።

ማዳም ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1867 ዋርሶ ውስጥ ተወለዱ። ከተማዋ ያኔ በሩሲያ ቄሣር አገዛዝ ሥር ነበረች፤ የዩኒቨርሲቲዋ በርም ለሴቶች ዝግ ነበር። ስለዚህ በ1891 ለትምህርት ወደ ፓሪስ አቀኑ፤ በ1895 ከፊዚክስ ሊቁ ፒየር ኩሪ ጋር ትዳር መሠረቱ። ባልና ሚስቱ በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ።

ቀጥሎ የመጣው የጉልበት ሥራ ነበር። ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ከዩራኒየም ማዕድን የተረፈ በቶን የሚለካ ዝቃጭ እያፈሉ፣ በብረት ዘንግ እያማሰሉ ዓመታት አሳለፉ። በ1902 በእጃቸው የገባው የራዲየም ጨው የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነበር። ማታ ማታ በጨለማ ሲያበራ ማየት ያስደስታቸው ነበር። የማሪ የጣቶች ጫፍ ቆሰለ። ፒየር ደግሞ ሆን ብለው ራዲየም ክንዳቸው ላይ አስረው የቆዳቸውን መቃጠል መዘገቡ።

በጨረር መመታትና በጨረር አመንጪ ነገር መበከል አንድ አይደሉም። ራጅ የተነሣ ሰው መሣሪያው ሲጠፋ ጨረሩም ያበቃል፤ አካሉ ጨረር አያመነጭም። መከላከያውም መራቅ፣ ቆይታን ማሳጠርና መከለል ነው፤ ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። የራዲየም ብናኝ ያረፈበት ወረቀት ግን ብናኙ እስካለበት ድረስ ራሱ የጨረር ምንጭ ነው። የራዲየም መጠን በግማሽ የሚቀንሰው በ1600 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ደብተሮቹ ዛሬም እንደተበከሉ ናቸው።

ፒየር በ1906 በጋሪ ተገጭተው ሞቱ። ማሪ በ1903 ከእርሳቸውና ከአንሪ ቤክሬል ጋር በፊዚክስ፣ በ1911 ብቻቸውን በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የራጅ መሣሪያ በመኪና ጭነው፣ ከልጃቸው ከኢሬን ጋር የቁስለኞችን አካል አነሡ፤ በቂ መከለያ ግን አልነበራቸውም።

በ1934 መቅኒያቸው ደም ማምረት ተስኖት አረፉ። ዐፅማቸው በ1995 ወደ ፓንቴዎን ሲዛወር የተደረገው ምርመራ ያሳየው የራዲየም መጠን ከተፈራው ያነሰ ነበር። መርማሪዎቹም ለሞት ያበቃቸው ራዲየሙ ሳይሆን የጦርነቱ ራጅ ሳይሆን አይቀርም ወደሚለው ግምት አዘነበሉ።