ልቡ የከዳው ሐኪም
የፈንጣጣን ክትባት ያስገኘውን ኤድዋርድ ጀነርን በሳይንስ ትምህርታችሁ ሳትሰሙት አትቀሩም። መምህሩን ጆን ሀንተርን ግን ምናልባት አታውቁት ይሆናል። በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ እሱን ነው።

ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1728 በስኮትላንድ ገጠር ተወለደ። ለቤተሰቡ አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት አልሆነለትም፤ ይልቅ ጉንዳንና ወፍ ሲመለከት ይውል ነበር። በ20 ዓመቱ ለንደን ሄዶ፣ ታላቅ ወንድሙ የሰውን አካል አሠራር በሚያስተምርበት ቤት ረዳት ሆነ። ኋላ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ሁለት ወር ሳይሞላው ጥሎ ወጣ። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1776 ከንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ቀዶ ሐኪሞች አንዱ ለመሆን በቃ።

ሰውየው ግን ቁጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1773 ድንገት ሕመም ጣለው። ፊቱን በመስታወት ቢያይ እንደ ሬሳ ገርጥቷል፤ የእጁን ትርታ ቢዳስስ ከግራም ከቀኝም አጣው። ያን ቀን ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ግን በተናደደ ቁጥር ደረቱን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ይነሳበት ጀመር። ማንም ቢያስቆጣው ሊገድለው እንደሚችል ራሱም ያውቅ ነበር።

ንዴት ልብን እንዴት ያማል? ልብ ለመላው አካል ደም ይረጫል፤ ለራሱም ደም ያስፈልገዋል። ይህንንም በደም ቅዳ ቧንቧዎቹ በኩል የሚያገኘው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ምት መካከል ዘና ሲል ነው። ምቱ ሲፈጥን ዕረፍቱ ያጥራል፤ ሥራው ግን ይበዛል። ጤነኛ ቧንቧ ሰፋ ብሎ ይችለዋል። ከጠበበ ግን ልብ ደም ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ደረት ይጨመደዳል። በዘመናችን የተደረጉ ጥናቶችም፣ አርፎ ተቀምጦ እንኳ ልቡ ቶሎ ቶሎ የሚመታ አዋቂ ሰው በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። (ሲጋራና የደም ግፊት ግን ከዚህ ይልቅ ያሳስባሉ።) ለአዋቂ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ምት የተለመደ ነው። መሞከር ከፈለጋችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጣችሁ እረፉ፤ ከዚያ ሁለት ጣት የእጃችሁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አድርጋችሁ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከኳስ ጨዋታ መልስ የተቆጠረ አይሠራም። የሕፃናት ልብ በተፈጥሮው ፈጣን ነውና የታናናሾቻችሁን ስትቆጥሩ አትደንግጡ።

ወደ ጀነር እንመለስ። አንድ ቀን በደረት ሕመም የሞተን ሰው ልብ ሲከፍት ቢላዋው ከጠጣር ነገር ጋር ተጋጭቶ ተሸረፈ። ቤቱ አሮጌ ስለነበር ልስን የወደቀ መስሎት ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ኋላ ሲያጣራ የልቡ ደም ቅዳ ቧንቧዎች እንደ አጥንት ደድረው አገኛቸው። የመምህሩም ሕመም ይኸው መሆኑን ጠረጠረ። ቢያሳትመው ሀንተር ያነበዋል፤ መድኃኒት የሌለው በሽታ እንደያዘውም ይረዳል። ስለዚህ ዝም አለ። ደግ አደረገ ትላላችሁ? በክፍላችሁ ተከራከሩበት።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1793 ሀንተር በሚሠራበት በለንደኑ ሴንት ጆርጅ ሆስፒታል ስብሰባ ተቀመጠ። ሁለት ወጣቶች ሕክምና ሊማሩ ከስኮትላንድ መጥተው ነበር። ደንቡ የሚጠይቀውን የትምህርት ማስረጃ ግን አልያዙም። ሀንተር ይግቡ ብሎ ተሟገተላቸው። አንዱ ተሰብሳቢ ሲቃወመው ንግግሩን አቋርጦ፣ ንዴቱን እንደዋጠ ወደሚቀጥለው ክፍል ወጣ፤ እዚያው ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 65 ነበር።

አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ደድረው ተገኙ። የጀነር ግምትም እ.ኤ.አ. በ1799 ወዳጁ ካሌብ ፓሪ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ወጣ።