ሁዋ ቱዎ፤ የተቃጠለው መጽሐፍና የአምስቱ እንስሳት ጨዋታ

ታይ ቺና ቺ ጎንግ የሚባሉት የቻይና የጤና እንቅስቃሴዎች በዛሬው ጊዜ ከአገራቸው ወጥተው በየአህጉሩ ይሠራባቸዋል። አረጋውያን እንዳይወድቁ፣ ከሕመም የተነሡ ሰዎች ሚዛናቸውን እንዲያገኙ፣ ጤነኞችም ትንፋሻቸውን ማስተካከል እንዲለምዱ ይማሯቸዋል። የእነዚህ እንቅስቃሴዎች አመጣጥ በተነሣ ቁጥር የሚጠራ አንድ ስም አለ፤ ይኸውም በሁለተኛው ምዕት ዓመት ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ208 ዓ.ም. ገደማ በእስር ላይ ሕይወቱ ያለፈው ሐኪም ሁዋ ቱዎ ነው። የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ እንቅስቃሴና ጤና አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ የዚህን ሰው ሕይወት መተረክን መረጥሁ። በታሪኩ ውስጥ የሕክምና ሙያ ያለውን ሰው ሁሉ የሚከነክን ነገር አለና።

ስለ ሁዋ ቱዎ የምናውቀው በተለይ ከሁለት የታሪክ መጻሕፍት ነው። አንደኛው ቼን ሾ የተባለው ጸሐፊ በሦስተኛው ምዕት ዓመት ያዘጋጀው የሦስቱ መንግሥታት ዜና መዋዕል ሲሆን፣ ሁለተኛው ፋን ዬ በአምስተኛው ምዕት ዓመት የጻፈው የኋለኛው ሃን ታሪክ ነው። ቼን ሾ ራሱ የተወለደው ሐኪሙ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ በትረካው ውስጥ እውነትና አፈ ታሪክ መቀላቀላቸው አይቀርም። እንዲያውም ቼን ዪንኬ የተባለው የቻይና የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ስለ ሁዋ ቱዎ ከሚነገሩት ተአምር መሰል ፈውሶች አንዳንዶቹ ከሕንድ የቡድሃ ሃይማኖት ተረቶች የተወረሱ ናቸው ሲል ተከራክሯል። አንባቢ ይህን እያሰበ ቢከተለኝ መልካም ነው።

የትውልድ አገሩ ቺያኦ ነው፤ ይህም በዛሬው የአንሁዊ ክፍለ ሀገር ቦጆው የሚባለው ከተማ ነው። በወጣትነቱ የቻይናን ጥንታዊ መጻሕፍት ተምሮ ነበርና ሁለት ጊዜ ለመንግሥት ሹመት ቢታጭም ሁለቱንም ጊዜ አልቀበልም አለ። ዘመኑ የሃን ሥርወ መንግሥት የፈረሰበት ክፉ ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ184 ዓ.ም. የተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ አገሪቱን ካናወጣት በኋላ የጦር አበጋዞች እርስ በርስ ይዋጉ፣ ረኀብና ወረርሽኝም ይፈራረቁ ነበር። ሁዋ ቱዎ በዚህ መካከል ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ያክም ነበር።

አሠራሩ በቁጥብነቱ ይታወቃል። የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች ጥቂት ነበሩ፤ መጠናቸውንም ያለ ሚዛን በእጁ ይለካ ነበር። በመርፌ ሲወጋም ሆነ የደረቀ ቅጠል አቀጣጥሎ ገላን ሲተኩስ ከአንድና ከሁለት ቦታ አያልፍም ነበር። ከተመዘገቡለት ሕክምናዎች ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ የሁለቱ ሹማምንት ጉዳይ ነው። ሁለቱም በአንድነት ራስ ምታትና ትኩሳት ይዟቸው ወደ እርሱ መጡ። ለአንደኛው የሚያስቀምጥ፣ ለሁለተኛው የሚያስልብ መድኃኒት አዘዘ። ሰዎች ተገርመው ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ የአንደኛው ሕመም ከውጭ የሌላኛው ግን ከውስጥ መሆኑን አስረዳቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ተነሡ ይላል መጽሐፉ። የዘመኑ የውጭና የውስጥ አከፋፈል ዛሬ ለእኛ ብዙም አይጠቅመንም፤ ነገር ግን ምልክት ሌላ ሕመም ሌላ መሆኑን ለይቶ ማየቱ ከእኛ ሥራ የራቀ አይደለም።

ዝናው ይበልጥ የገነነው ግን በቀዶ ሕክምናው ነው። መርፌና መድኃኒት የማይደርሱበት የሆድ ሕመም ሲገጥመው፣ ማፌይሳን የተባለ ዱቄት በወይን ጠጅ አጠጥቶ በሽተኛውን ካደነዘዘ በኋላ ሆዱን ይከፍት፣ የታመመውን አውጥቶ ይሰፋ፣ ቅባትም ይቀባ ነበር ይባላል። ሕመምተኛው በአራትና በአምስት ቀን ሕመሙ ይታገሥለት፣ በአንድ ወር ውስጥም ይድን ነበር ተብሎ ተጽፏል። የዱቄቱ አሠራር አልተላለፈም፤ ከኋለኛው ዘመን ሰዎች ስለ ቅመሙ የሚናገሩት ሁሉ ግምት ነው።

አሁን ወደ ፍጻሜው እንመጣለን። ከሰሜን ቻይና አበጋዞች ሁሉ የበረታው ጻኦ ጻኦ የተወለደው ሐኪሙ በተወለደበት በቺያኦ ስለነበር ሁለቱ የአንድ አገር ሰዎች ነበሩ። ጻኦ ጻኦን አንድ ጽኑ የራስ ምታት ያሠቃየው ነበር። ሕመሙ በተነሣበት ጊዜ ሁሉ ሁዋ ቱዎ በመርፌ እየወጋ ያስታግሥለት ነበርና ከአጠገቡ እንዳይለይ ፈለገ። ሁዋ ቱዎ ግን ቤተሰቡን ናፈቀ። ደግሞም ተምሮ ሳለ እንደ ባለ እጅ መታየቱ ያንገበግበው እንደነበረ ታሪኩ አይሸሽግም። በዚያ ዘመን ሕክምና ከእጅ ሥራ ይቆጠር ነበር፤ በእኛም አገር ቀጥቃጩና ሸማኔው ምን ያህል ይናቁ እንደነበረ ለሚያስታውስ ይህ ስሜት እንግዳ አይሆንበትም።

ስለዚህ ፈቃድ ጠይቆ ወደ አገሩ ሄደ፤ ከደረሰም በኋላ ሚስቴ ታማለች እያለ ፈቃዱን ደጋግሞ አስረዘመ። ጻኦ ጻኦ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ የአካባቢውን ሹማምንት ቢያዝዝ አልመጣለትም። በመጨረሻ መርማሪ ላከ። ሴትዮዋ በእውነት ታማ ከተገኘች አርባ ስፍር ጥራጥሬ ተሰጥቷት የባሏ ፈቃድ እንዲራዘም፣ ሐሰት ከሆነ ግን ባልየው ታስሮ እንዲመጣ አዘዘ። ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ሹን ዩ የተባለው ታላቅ አማካሪ፣ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ጥበብ ነውና ይማር ብሎ ቢለምንም ጻኦ ጻኦ አልሰማውም፤ እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል ብሎ ናቀው። ሁዋ ቱዎም በምርመራ ላይ እንዳለ ሞተ።

ከመሞቱ በፊት አንድ ጥቅል መጽሐፍ አውጥቶ ለእስር ቤቱ ጠባቂ ሰጠው፤ የሰው ነፍስ ሊያድን የሚችል መሆኑንም ነገረው። ጠባቂው ሕጉን ፈርቶ አልቀበልም አለ። ሁዋ ቱዎም አላስገደደውም፤ እሳት ጠይቆ መጽሐፉን አቃጠለው። በኋላ ጻኦ ጻኦ እጅግ የሚወደው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ጻኦ ቾንግ ታሞ በሞተ ጊዜ ሐኪሙን በማስገደሉ ተጸጸተ።

በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ጊዜ ጠባቂው ይወቀሳል። እኔ ግን ልፈርድበት አልደፍርም፤ ትእዛዝ ተላልፎ የእስረኛ ጽሑፍ መቀበል በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል እርሱ ያውቅ ነበር። ይልቅስ የሚያሳዝነው ያ ሁሉ ጥበብ በአንድ ሰው ራስና በአንድ ጥቅል ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቆየቱ ነው። ማደንዘዣው ጠፋ፤ ቀዶ ሕክምናውም ከእርሱ ወዲያ ተከታይ አላገኘም። ከእጁ ያመለጠው ለደቀ መዛሙርቱ በቃልና በሥራ ያስተማረው ብቻ ነበር። ፋን አ የተባለው የመርፌ ሕክምናን ሲወርስ፣ የጓንግሊንግ ሰው የነበረው ዉ ፑ ደግሞ የአምስቱን እንስሳት ጨዋታ ወረሰ።

ሁዋ ቱዎ ለዉ ፑ ያስተማረው መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው። ሰውነት መሥራት አለበት፤ ነገር ግን ከአቅሙ አልፎ መድከም የለበትም። ሲንቀሳቀስ ምግብ ይፈጫል፣ ደም ይዘዋወራል፣ በሽታም ሥር አይሰድም። ለዚህም ዘወትር የሚከፈትና የሚዘጋ በር ማጠፊያው እንደማይበሰብስ ምሳሌ ሰጥቷል። እንስሳቱም የእስያው ባለ መስመር ነብር፣ አጋዘን፣ ድብ፣ ጦጣና ወፍ ናቸው። ሰውነቱ ያልተመቸው ሰው ተነሥቶ ከአምስቱ የአንዱን ጨዋታ እስኪያልበው ይጫወታል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ይቀለዋል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይከፈታል። ዉ ፑ ይህን ዘወትር እየሠራ ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረ፤ ጆሮውና ዓይኑ ደኅና፣ ጥርሱም ሙሉ ነበር ተብሎ ተጽፎለታል።

ሁዋ ቱዎ ይህን ሁሉ ከባዶ ፈጠረው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. በቻንግሻ ከተማ አጠገብ ማዋንግዱዊ በሚባለው ስፍራ በተቆፈረ መቃብር ውስጥ ሰዎች ልዩ ልዩ የሰውነት እንቅስቃሴ ሲሠሩ የሚያሳይ የሐር ላይ ሥዕል ተገኝቷል። መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ነው። በሥዕሉ ላይ ወንድም ሴትም ሆነው 44 ሰዎች ይታያሉ፤ የእንስሳት አኳኋን የሚመስሉም አሉባቸው። እንግዲህ የሁዋ ቱዎ ድርሻ የነበረውን መርጦና አሳጥሮ ለሕመምተኛ እንዲመች ማድረጉ ይመስለኛል። ይህም ትንሽ ሥራ አይደለም።

የእንቅስቃሴዎቹ ዝርዝር ከጥንቱ ዘመን ተጽፎ የሚገኘው ታኦ ሆንግጂንግ (456-536) በተባለው ሊቅ ስም በሚታወቀው የጤና አጠባበቅ መጽሐፍ ውስጥ ነው። እዚያ ነብሩ በአራት እግሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዘላል፤ አጋዘኑ አንገቱን አስግጎ ወደ ኋላው ይመለከታል፤ ድቡ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን አቅፎ ግራና ቀኝ ይንከባለላል፤ ጦጣው ከወራጅ ላይ ይንጠለጠላል፤ ወፉ አንድ እግሩን አንሥቶ ክንዶቹን ይዘረጋል። ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ በየመናፈሻው ቆመው በዝግታ የሚሠሩትን ሲያይ ልዩነቱ ሊያስገርመው ይችላል። ቺ ጎንግ የሚለው ስምም ለእነዚህ እንቅስቃሴዎች የወል መጠሪያ ሆኖ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ታይ ቺ ደግሞ የውጊያ ጥበብ ሆኖ የተነሣ ነው፤ ታሪኩም በአብዛኛው የሚያያዘው ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በሄናን ክፍለ ሀገር ካለው ከቼን መንደር ጋር ነው። ከሁዋ ቱዎ በቀጥታ የሚያገናኘው የታወቀ ሐረግ የለም፤ የሚጋሩት ዘዴውን ነው።

ዘዴውም ለባልደረቦቼ እንግዳ አይደለም። ጉልበት ጥቂት ታጥፎ፣ ወገብ ቀጥ ብሎ፣ የሰውነት ክብደት ከአንድ እግር ወደ ሌላው በዝግታ ሲተላለፍ የጭንና የቁርጭምጭሚት ጡንቻዎች ይሠራሉ፤ አእምሮም እግር የት እንዳረፈ ማስተዋልን ይለምዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 200 ሰዎች የተካፈሉበት የአሥራ አምስት ሳምንት ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር። በእርሱም ታይ ቺ የተማሩት ደጋግሞ የመውደቅ አደጋቸው በ47.5 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የታተመው ሌላ ጥናት በ195 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ነበር። በዚህም በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ24 ሳምንት ታይ ቺ የሠሩት ሰውነት የማፍታታት ልምምድ ብቻ ከሠሩት ይልቅ ሚዛናቸው ተሻሽሏል፤ የወደቁትም ጥቂት ጊዜ ነው። ጡንቻ የማጠንከር ልምምድ ከሠሩት ጋር ሲነጻጸር ግን በመውደቅ ረገድ ብልጫው ጎልቶ አልታየም። ይህን የምጠቅሰው፣ አንዳንድ አስተማሪዎች ለሁሉ በሽታ ፈውስ ነው ብለው ሲሰብኩ መስማት ስለሚያሳስበኝ ነው።

የቻይና የስፖርት ባለ ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የአምስቱን እንስሳት ጨዋታ ለሕዝብ እንዲመች አድርጎ በአዲስ መልክ አውጥቶታል። ለእያንዳንዱ እንስሳ ሁለት፣ በጠቅላላው አሥር እንቅስቃሴዎች አሉት። መንከባለልና መንጠልጠል ቀርተው ሁሉም በመቆም የሚሠሩ ሆነዋል። ቅደም ተከተሉ ግን በታኦ ሆንግጂንግ ስም በሚታወቀው መጽሐፍ እንዳለው ነው፤ በነብር ተጀምሮ በወፍ ያበቃል። ወፉም ዛሬም እንደ ጥንቱ ክንዱን ዘርግቶ በአንድ እግሩ ይቆማል፤ ይኸውም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎቻችን የአረጋውያንን ሚዛን በሰዓት እየለኩ የሚመረምሩበት አቋም ነው።